ማተብ ላይ የተሰፋው ድንጋይ

አመለወርቅ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ገና ሳትቀመጥ መቀስ ጠየቀች። ዳግማዊት ከምድጃው ሥር ካለው መሳቢያ አውጥታ ሰጠቻት። አክስቷ መቀሱን ተቀብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልብስ እንደሚቀይር ሰው ትከሻዋን ሰብስባ ከአንገቷ ሥር የሆነ ነገር ስትዳብስ ቆየች። «እግዜር ይቅር ይበለኝ» አለች ለራሷ፤ ቀጥሎ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ስትዞር የተቆረጠው ማተቧ መዳፏ ላይ ነበር። ጥቁሩ ክር ላይ፣ ከትንሿ የእንጨት መስቀል ጎን፣ በአሮጌ አባያ ጨርቅ የተሰፋች የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቋጠሮ ተንጠልጥላለች።

«ፍቺው» አለች። «የኔ እጅ ዛሬ አልታዘዝ ብሎኛል።»

ዳግማዊት ስፌቱን በመቀሱ ጫፍ ፈታችው። ከጨርቁ ውስጥ ምስር የምታህል ድንጋይ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለችና ስኳር ዕቃው ሥር ቆመች። ቀለሟ ከሎሚ ልጣጭ የሳሳ ቢጫ ነው። ዳግማዊት ድንጋይዋን ታውቃታለች። ከሁለት ዓመት በፊት አክስቷ ስትረከባት ግን እንዲህ ራቁቷን አልነበረችም። ቁጥር የታተመበት፣ ዙሪያው የታሸገ፣ መስተዋት የሚመስል የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ያን ዕለት ዳግማዊት መያዣውን በሁለት ጣቶቿ ይዛ፣ «አክስቴ፣ ይሄን እንዳትከፍቺው። ማኅተሙ ከተሰበረ ኩባንያው መልሶ አይገዛሽም» ብላት ነበር። አክስቷም የታመመ ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው በሁለት እጇ ተቀብላታለች።

ዳግማዊት ይህን ዓርብ ስትጠብቅ የሰነበተችው በፍርሃት ነው። አልጋዋ ላይ ሆና፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮዋ ባለበት ረጅም ሕንፃ አሳንሰር ውስጥ፣ ለአክስቷ የምትናገረውን ስታጠና ከርማለች። «አክስቴ፣ ድንጋዩ ያልኩሽን ያህል አያወጣም።» ከዚህ ዓረፍተ ነገር በኋላ የሚመጣውን ግን አንድም ቀን ማጥናት አልቻለችም። የምትሠራበት ኩባንያ ባለ ቀለም አልማዝ ይሸጣል። ቢጫ፣ ሮዝ፣ አልፎ አልፎም ሰማያዊ፤ ጣት ላይ ለማጥለቅ ሳይሆን ለማስቀመጥ። እሷ ስልክ ታነሳለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች፣ ለእንግዶች ውሃ ታቀርባለች። ሥራ አስኪያጁ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚናገረውን በቃሏ ይዛዋለች፦ አክሲዮን ወረቀት ነው፣ ባንክ ሕንፃ ነው፣ ድንጋይ ግን በእጅ የሚያዝ ሀብት ነው። ሠራተኞቹ ከየወገናቸው ደንበኛ ቢያመጡ ኮሚሽን ይታሰብላቸው ነበር። ፊሊፒናዊቷ ባልደረባዋ ነርሶች አመጣች፤ ህንዳዊው የሒሳብ ሠራተኛ የአጎቱን ልጆች አመጣ። ዳግማዊት ያመጣችው አንድ ሰው ብቻ ነው። የዚያን ሰው ኮሚሽን ሲከፍሏት፣ ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ ሰፈር ውስጥ ከሰናይት ጋር ለምትኖርበት ክፍል ይህን ግራጫ ሶፋ ገዛችበት።

አክስቷን ለማሳመን ብዙም አልደከመችም። አመለወርቅ፣ አሠሪዋ ማዳም እንደምትጠራት ደግሞ አማል፣ መዲናት ኸሊፋ ሰፈር በአንድ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። መጀመሪያ ያጠራቀመችውን ለወንድሟ ለካሳሁን፣ ለዳግማዊት አባት፣ መሬት ግዛልኝ ብላ ልካ፣ ገንዘቡ የዳግማዊት የኮሌጅ ክፍያ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ነገር በእሷና በአክስቷ መካከል ተነስቶ አያውቅም። ድንጋይዋን የገዛች ቀን ብቻ፣ «ይሄስ ጥሩ ነው፤ ካሳሁን ቢለምነኝ ቆርሼ አልሰጠው!» ብላ ስቃ ነበር፤ ዳግማዊትም አብራት ስቃለች። አሁን ካሳሁን ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ክፍል ከነግቢው አግኝቶላት ቀብድ ከፍሏል። አመለወርቅ ከፋሲካ በኋላ ጠቅልላ ልትገባ ነው። ማዳም ቲኬቱን ቆርጣላታለች። የቀረው የቤቱን ዋጋ ለመሙላት ድንጋይዋን መልሶ መሸጥ ብቻ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ዳግማዊት ለሥራ አስኪያጁ ሻይ ይዛ ስትገባ፣ በስልክ ሲናገር ሰማችው። መልሰን እንገዛለን ያልነው ገዢ ከተገኘ ነው፤ ገዢ የለም፤ ለሚጠይቅ ሁሉ ታገሱ፣ ዋጋው ገና ይጨምራል በሉ፤ ይል ነበር። እሷን ሲያይ ድምፁን እንኳን ዝቅ አላደረገም። ሻዩን አስቀምጣ ወጣች።

«ለምን ከፈትሽው?» አለች አሁን። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጭን ሆነ።

አመለወርቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ባለፈው በጋ የማዳም የጆሮ ጌጥ ጠፋ። አብራኝ የምትሠራው ዙበይዳ ገና አዲስ ናት፤ ፍተሻው ከሷ ክፍል ተጀመረ። ፍራሽዋን ገልብጠው፣ የጡት መያዣዋን ሳይቀር አራግፈው... እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። ድንጋዩ የልብስ ሳሙና ካርቶን ውስጥ ነው ያለው። ቢያገኙትስ? የኔ ነው ብል ማን ያምነኛል? ወረቀቱ አንቺ ጋ ነው። ወረቀቱስ ቢኖር፣ ለሠራተኛ አልማዝ ማን ሰጣት አይሉም? የነጭ ሽንኩርት መውቀጫውን አንስቼ መያዣውን አንድ ጊዜ መታሁት፤ ስንጥቅ አለ። ፕላስቲኩን ቆሻሻ ውስጥ፣ ድንጋዩን ምላሴ ሥር። ማዳም መጣችና 'አማል፣ አንቺ ምንም አላየሽም?' አለችኝ። አፌን ብከፍት ይወድቃል። ራሴን ነቀነቅኩ፣ በቃ። ራሴን ብቻ ነቀነቅኩላት።»

«ጌጡስ?»

«መኪና ውስጥ ተገኘ።» አመለወርቅ የቀሚሷን ጫፍ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፣ መልሳም አጠፈችው። «በማግስቱ ማተቤ ላይ ሰፋሁት። ሁሉን ቢፈትሹ አንገቴን አይነኩም፤ ሃይማኖቷ ነው ይላሉ። ላንቺ ልነግርሽ ብዬ በየዓርቡ አፌ ላይ ይደርሳል፣ እፈራለሁ። ማኅተሙ ከተሰበረ አይቀበሉም ብለሽኝ ነበር አይደል?»

ከመስኮቱ በላይ ያለው ማቀዝቀዣ ውሃ እያንጠባጠበ ነበር። ሥሩ የተቀመጠው ባልዲ ሞልቷል። ዳግማዊት ባልዲውን እያየች፣ ለሦስት ሳምንት ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ቀስ ብሎ ሲነሳላት ተሰማት። ደስታ አልነበረም፤ ግን ትንፋሿ እስከ ታች ወረደ። ለዚህ ትንፋሽ ወዲያው አፈረች፤ ሆኖም አልመለሰችውም።

«አዎ» አለች። «ከተሰበረ አይቀበሉም።»

ከቃላቱ አንዱም ውሸት አልነበረም። አመለወርቅ ቀድሞም የምታውቀውን እንደሰማ ሰው ሁለት ጊዜ ራሷን ነቀነቀች። ድንጋይዋን ከስኳር ዕቃው ሥር በጣቷ ጫፍ አንስታ፣ ጨርቁ ውስጥ መለሰቻት።

ሰናይት ከሆስፒታል የሌሊት ሥራ ገብታ ተኝታ ነበር። እኩለ ቀን አልፎ ፊቷ በትራስ ተሸብሽቦ ስትወጣ፣ ሁለቱ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ሲልጡ አገኘቻቸው። «አክስቴ! እንኳን ደህና መጣሽ» ብላ አመለወርቅን ጉንጯን ሳመቻት። «ምነው መሬት ላይ? ሶፋው ላይ ውጪ እንጂ፤ የአልማዝ ሶፋ እኮ ነው።»

«ውድ ነው እንዴ?» አለች አመለወርቅ።

«ጠይቂያት! እኔን ሻይ ይዤ አታስቀምጠኝም።»

ዳግማዊት ከሽንኩርቱ ቀና አላለችም። አመለወርቅ ተነስታ በመዳፏ የሶፋውን ጨርቅ ደባበሰችው። ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተቀመጠችበት፤ እግሮቿ ከወለሉ ትንሽ ተነሱ። «ይመቻል» አለች። «ይገባሻል፣ ዳጊ። ከሥራ ደክመሽ ስትመጪ ማረፊያ ያስፈልግሻል።» ሰናይት ሳቀች፣ ፎጣዋን አንስታ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። በዝግ በር ውስጥ ውሃው ሲወርድ ይሰማል። ዳግማዊት የተላጡትን ሽንኩርቶች እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ጾም ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀመሱም። ሽሮው ቢሠራም ዘይቱ አነሰና ሳይጥም ቀረ። ዳግማዊት ከታች ካለው የህንዶች ምግብ ቤት በስድስት ሪያል ምስርና ቻፓቲ አመጣች። አመለወርቅ እየበላች ስለ ደብረ ብርሃኑ ቤት አወራች። ግቢው ውስጥ አንድ የኮክ ዛፍ እንዳለ ካሳሁን ነግሯታል፤ ብርዱ ግን ለጉልበቷ አይስማማም ብላ ትሠጋለች። ልክ ምንም እንዳልተፈጠረ ታወራ ነበር። ከዚያ በመካከል ቆም አለችና፣ «ኩባንያሽ ባይቀበል ወርቅ ሱቅ የሚገዛ አይጠፋም» አለች። «ትንሽ ይቀንሱ ይሆናል እንጂ። ያላ፣ ተነሺ፤ ከአሱር ሶላት በኋላ ይከፈታል።»

የወርቅ ገበያው ዓርብ ከሰዓት ይጨናነቃል። ወንድ ጎብኚዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሙሽሮች ከእናቶቻቸው ጋር አምባር ያስመዝናሉ፤ ከመስኮቶቹ የሚወጣው ቢጫ ብርሃን በሁሉም ፊት ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባል። አመለወርቅ ከዳግማዊት ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሆና ነበር የምትሄደው፤ ከማዳም ጋር ገበያ ስትወጣ የለመደችው አካሄድ ነው። ዳግማዊት ቆማ ጠበቀቻት። አክስቷም ቆመች። ሦስት ሱቆች አልማዝ አንገዛም ብለው መለሷቸው። አራተኛው ወደ ውስጥ የገባ ጠባብ ሱቅ ነው፤ ባለቤቱ ነጭ ፂም ያለው የህንድ ጉጃራት ሰው፣ አንድ ወንበር ነበረውና ለአመለወርቅ ሰጣት።

ዳግማዊት ፈጥና በእንግሊዝኛ ጀመረች። አክስቷ ዓረብኛውን ከእሷ በተሻለ እንደምታውቅ ታውቃለች፤ ለምን እንደቸኮለች ግን በዚያች ሰዓት ራሷን አልጠየቀችም። ሰውየው ድንጋይዋን በወረንጦ አንስቶ በአጉሊ መነጽር አየ፣ ትንሽ ሚዛን ላይ አስቀመጠ፣ ዳግማዊት ያመጣችውን የምስክር ወረቀት በጨረፍታ አነበበ። «አራት ሺህ ሪያል» አለ። «ለእንግዳ ስል።»

«ሃያ ሁለት ሺህ ነው የተገዛችው።»

መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ። ያየው ዳግማዊትን ሳይሆን ወንበሩ ላይ ያለችውን ሴት ነው። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ያሉትን ቀለበቶች እንደ ፎቶግራፍ ትመለከታለች። «ሃያ ሁለት?» አለ ሰውየው። «እንዲህ ያለ ቀላል ቢጫ አንድ መሳቢያ ሙሉ አለኝ፤ ቆይቶብኛል።»

«የታሸገ መያዣ ነበረው። ተከፍቶ ነው። ባይከፈት ኖሮስ?» አዎ፣ ያኔ ዋጋው ሌላ ነበር እንዲላት ፈለገች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ሰው እንዲላት ፈለገች።

«ፕላስቲኩን ነው የምትዪኝ?» ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ የምገዛው ድንጋይ ነው። ፕላስቲኩ ኖረ ቀረ፣ አራት ሺህ ነው። ለእናትሽ ይሄን የሸጠላት ሰው...» ቃሉን አልጨረሰም። ወረቀቱን አጥፎ በእጇ ላይ አኖረላት።

«ምን አለ?» አለች አመለወርቅ በአማርኛ።

ከጀርባቸው አንዲት ሙሽራ በእናቷ ላይ ትስቃለች። ዳግማዊት ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ዚፑ ያዛት፤ ዚፑን እየጎተተች፣ ወደ አክስቷ ሳትዞር መለሰች።

«ስለተከፈተ ነው አለ። አራት ሺህ ብቻ።»

ይህኛው ውሸት ነበር። ከተናገረችው በኋላ የጠዋቱም ውሸት እንደነበር ገባት።

አመለወርቅ ከወንበሩ ተነሳች። ፊቷ አልተለወጠም። ወደ ባንኮኒው ቀረብ ብላ ሰውየውን በራሷ ዓረብኛ፣ «አስሊ?» አለችው፤ እውነተኛ ነው ወይ ለማለት።

«አስሊ፣ አስሊ» አለ ሰውየው፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«ሰማሽ?» አመለወርቅ ወደ ዳግማዊት ዞረች፤ ዓይኗ በርቶ ነበር። «እውነተኛ ነው። ኩባንያሽ አላታለለንም። ስጠራጠር ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ አንቺንም ጭምር ነው የተጠራጠርኩት።»

ሱቅ ዋቂፍ በሚባለው አሮጌ ገበያ ውስጥ አንድ የድንጋይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዳግማዊት በወረቀት ኩባያ ሻይ ገዛች፤ ወተት የሌለው እንዲሆን ለሻጩ ሁለት ጊዜ ነገረችው። እርግቦች ጥራጥሬ ይለቅማሉ። አመለወርቅ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣች፤ ያለ መርፌ ከቤት አትወጣም። ድንጋይዋን በዚያው ጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ መልሳ ትሰፋት ጀመር። በየስፌቱ ክሩን ሳብ እያደረገች ቀስ ብላ ነው የምትሰፋው። ዳግማዊት የአክስቷን ጣቶች አየች፤ ጥፍሮቿ በክሎሪን ነጥተዋል።

«በአራት ሺህ አልሸጥም» አለች አመለወርቅ። «ለካሳሁን ቀብዱን ይመልሱለት ይሆናል። ካልመለሱም ምን ይደረጋል። ስልክሽን ስጪኝ።»

«ለማን ልትደውዪ?»

ስልኩን ተቀበለቻት። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። «ማዳም፣ አና አማል» አለች፤ ድምፅዋ በዓረብኛ ሲሆን ከፍ ብሎ የልጅ ይመስላል። «ሰፈር ኸላስ፣ ማፊ ሰፈር። ሰነተይን ባቅደር... ኤ፣ ሰነተይን።» ጉዞው ቀርቷል፣ ሁለት ዓመት እጨምራለሁ ማለቷ ነበር። ከስልኩ ውስጥ የሴት ደስታ ጮኸ፤ የልጆችም ድምፅ ተጨመረበት። አመለወርቅ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አርቃ ፈገግ አለች። ሲዘጋ ስክሪኑን በቀሚሷ ጠርጋ መለሰችላት። «ደስ አላት። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ እሷ ታሳድሳለች። ሃምሳ ሪያል እጨምርልሻለሁም ብላለች፣ ኢንሻአላህ።»

«አክስቴ...» ዳግማዊት ኩባያውን መሬት አስቀመጠችው። «አክስቴ፣ እኔ እኮ...»

«አንቺ ምን አጠፋሽ?» አመለወርቅ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ነግረሽኝ ነበር። በሥራሽ ፊት ያሳፈርኩሽ እኔ ነኝ። የአክስቷ ነገር ይሄ ነው ይሉሻል።» መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ፊቷን ወደሷ አዞረች። «ለፋሲካ ልቆርብ ለአባ ነግሬያቸዋለሁ። ሰው ተቀይሞኝ አልቆርብም። ይቅር በይኝ።»

«እግዚአብሔር ሁላችንንም ይቅር ይበለን» አለች ዳግማዊት።

«እንደሱ አይደለም። በደንብ በይኝ።»

አንዲት እርግብ እግራቸው ሥር ድረስ መጣች። ዳግማዊት የሦስት ሳምንቱን ዓረፍተ ነገር ፈለገችው፤ አሁንም በቃሏ ነበር። አሁን ግን ከሱ በፊት ሌሎች ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ማፍረስ ይኖርባታል፤ ከነሱ ሥር ደግሞ ሶፋው አለ። የአክስቷ ዓይኖች ይጠብቋታል፤ ደክሟቸዋል፣ ግን ይጠብቋታል።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለች።

አመለወርቅ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመቻት። ዳግማዊት ልታነሳት ስትል ቀድማ ቀና አለችና ስፌቷን ቀጠለች።

ታክሲው መዲናት ኸሊፋ ሲያደርሳቸው ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከቪላው አጥር በላይ የቡጌንቪላ አበባ ተንጠልጥሏል፤ ከውስጥ ልጆች «አማል! አማል!» እያሉ የሚሮጡበት ድምፅ ይመጣል። አመለወርቅ በሩን ከማንኳኳቷ በፊት ማተቧን ከቦርሳዋ አውጥታ ለዳግማዊት ሰጠቻትና ጀርባዋን አዞረች። ሻሿን አላልታ የአንገቷን ኋላ ገለጠች። እዚያ ክሩ ለዓመታት ያረፈበት ቦታ ከሌላው ቆዳዋ ነጣ ብሎ እንደ ቀለበት ምልክት ቀርቷል።

«ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው» አለች። «ሁለት ዓመት መቆየት አለበት።»

ዳግማዊት የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች አገናኝታ አሰረች፤ በላዩ ደገመች። ቋጠሮው ሥር የአክስቷ ሥጋ ይሞቃል። የክሩ ጫፍ ረዝሞ ቀረ። መቀስ ስላልነበራት ጎንበስ ብላ በጥርሷ ቆረጠችው። ክሩ ላብና ሳሙና ሳሙና ይል ነበር።

አመለወርቅ ሻሿን አስተካክላ ዞረች። ጉንጯን በመዳፏ ያዘቻት። «ያ ሶፋሽ ግን እንዴት ያሳርፋል! እግዜር ይባርክልሽ። በሚመጣው ዓርብ ትንሽ እተኛበታለሁ።» ከዚያ የወንድሟን ልጅ እንደ ገዛ ልጇ አድርጋ የምታይበትን ዓይን ትንሽ ጠበብ አደረገችው። «ምነው ዝም አልሽ?»

የተቆረጠችው ክር ምላሷ ሥር ገብታ ነበር። ዳግማዊት አፏን አልከፈተችም። ራሷን ብቻ ነቀነቀች።